የተንበረከከ አይመታም

ወሬውን ያመጣልኝ ልጄ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ እዚህ ጎዴ ያ ሰዓት ፍየል እንኳ ከጥላ የማትወጣበት ነው። እኔ ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ ምስር እለቅማለሁ፤ ያሬድ ከማራገቢያው ሥር ተጋድሞ ስልኩን ይነካካል። ይኼ ልጅ ያነበበውን ለሰው ካላነበበለት አይወጣለትም።

«እማዬ፣ እናንተ ልጆች እያላችሁ የነበረ የሮቦት ጌም አገኘሁ» አለኝ። «የተጫወቱት ሰዎች ምን እንዳሉ ስሚ። አንዱ ‹እጅ ላይ ይከብዳል፣ ዝለል ስትለው አስቦበት ነው የሚዘለው› ይላል። ሌላዋ ‹ሙዚቃው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም› ብላለች። ይኼኛው ደግሞ ‹አጭር ነው፣ ጨለማም ይበዛዋል፣ ግን እወደዋለሁ›።»

እናት ለእንዲህ ያለው ወሬ በምትሰጠው ጆሮ ነበር የምሰማው። እሺ እያልኩ ድንጋዩን ከምስሩ እለያለሁ።

«እዚህ ጋ ደግሞ አንዱ ምስጢሩን አውጥቶታል፤ ‹የመጨረሻው ትልቁ ሮቦት የሚያስፈራው ለማያውቅ ነው። ተንበርክኮ ባትሪውን ሲሞላ ብቻ ነው ጥይት የሚገባው። ያኔ አንዴ ምቱት፣ አለቀ።›»

እጄ ምስሩ ላይ ቆመ።

«እስቲ ሥዕሉን አሳየኝ» አልኩት።

ስልኩን አዞረልኝ። ጭንቅላቱ ክዳን የተደፋበት ድስት የሚመስል አጭር ቀይ ሮቦት፣ በጥቁር ኮረብታ ላይ ቆሟል።

«ድስቴ» አልኩ።

«ማነው ድስቴ?»

 በዚያ ሙቀት መሐል የረጠበ ጋቢና የጋለ ስታብላይዘር ሸተተኝ።

ላፍቶ ያኔ ከተማም ገጠርም አልነበረም። አስፋልቱ የሚያልቅበት ቦታ ነበር። ከአስፋልቱ ወዲያ ጭቃ፣ ከጭቃው ወዲያ የስንዴ ማሳ፣ ከማሳው ወዲያ ሀና ማርያም። ክረምት ሲገባ ሁላችንም ቦቲ እናደርጋለን። የእኔ ቦቲ የወንድሜ ነበርና ስለሚሰፋኝ፣ በሄድኩ ቁጥር ከኋላዬ ሌላ ሰው የሚከተለኝ ይመስለኝ ነበር። የባድመ ጦርነት ሁለተኛው ክረምት ነው። ጦርነቱን የማውቀው በሬዲዮ ነው፤ የሰልፍ ዜማ ሲጀምር ትልልቆቹ ሰዎች ንግግራቸውን ያቋርጣሉ፣ ሲያልቅ ካቆሙበት ሳይሆን ከሌላ ቦታ ይቀጥላሉ።

እትዬ ዘውዴ ቤታቸው መንገዱ ዳር ነው። የፊት ክፍላቸው ጌም ቤት ነበረች። የከፈታት ልጃቸው ግርማ ነው፤ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን፣ ዝም ያለ ልጅ። ቴሌቪዥኑን ከተለያዩ የሞቱ ቴሌቪዥኖች አዋጥቶ ሠራው፣ የጌሙን ማሽን ከየት እንዳመጣው አላውቅም። ካሴቱ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የድስቴ። ግርማ ሲዘምት ጎረቤቱ ሁሉ ክፍሏን ለተከራይ ይስጡ አላቸው። «ልጄ የከፈተውን በር እኔ አልዘጋም» አሉና አልዘጉም።

ጌሙን ግን አያዩትም። በሩ ላይ በርጩማቸውን አድርገው፣ ጀርባቸውን ለቴሌቪዥኑ ፊታቸውን ለመንገዱ ሰጥተው ጥጥ ይፈትላሉ። እንዝርቱ ሲሽከረከር ከድስቴ ጥይት ድምፅ ጋር አብሮ ይሄድ ነበር።

እናቴ ከእሳቸው ጋር ማኅበርተኛ ነበረች። «ከቅዳሴ መልስ እትዬ ዘውዴ ዘንድ ዋይ፣ ብቻቸውን እንዳይሆኑ» አለችኝ። እሳቸው ደግሞ ሥራ ሰጡኝ። ሥራዬ ማሽተት ነበር። የቴሌቪዥኑን መብራት የሚያመጣጥነው ስታብላይዘር ሲግል የተቃጠለ ሱፍ የመሰለ ሽታ አለው፤ ያኔ «ሸተተ» እላለሁ፣ ሁሉ ነገር ይጠፋል፣ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል። ግርማ ሳይሄድ በፊት ለእናቱ ያስተማራቸው ይኼንኑ ነው። እሳቸው ግን የጥጥ ብናኝ አፍንጫቸውን ስለዘጋው የእኔን አፍንጫ ቀጠሩ።

ልጆቹ ጠሉኝ። «አፍንጮ፣ አሁን ሸተተ ብትዪ አንለቅሽም» ይሉኛል። ግን ሲሸት እላለሁ። አደራ ነው።

ያሬድ ያነበበልኝ ዓይነት አስተያየት በእኛም ክፍል ሞልቶ ነበር፤ የሚወጣውም ያኔ ነው፣ ስታብላይዘሩ ሲበርድ። በጨለመው ቴሌቪዥን ዙሪያ ጉልበታችንን አቅፈን እንቀመጣለን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ክርክሩ ይጀመራል።

«ድስቴ ሴት ናት» ትላለች አንዷ።

«ሴት እንዴት ብላ ነው እንደዚህ የምትተኩሰው?»

«እናትህን ጠይቃት።»

በጌሙ ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ ማንበብ የሚችል አልነበረም። ፊደሉን አናውቀውም። እኔ በልቤ ቅዱሳን ብቻ የሚያነቡት ነው ብዬ ስለማምን፣ ሲወጣ ዓይኔን ዝቅ አደርግ ነበር። ስለዚህ ታሪኩን የሠራነው እኛ ነን። ድስቴ ከቤቱ የጠፋ ነው፣ አገሩ ፀሐይ የላትም፣ ፀሐይዋን የያዘው ያ ትልቁ ነው። ትልቁን ብረቱ እንለዋለን። ትልልቆቹ ልጆች ግርማ ከመዝመቱ በፊት አንዴ ጨርሶት እንዳዩ ይምላሉ። እንዴት እንዳሸነፈው አያስታውሱም፤ «መጨረሻው ላይ ይነጋል» ብቻ ይሉናል። «በእግዜር፣ ነግቶ ወፍ ሁሉ ይንጫጫል።» እኛ ግን ንጋቱን አላየንም። ሁላችንም የምንፈልገው እሱን ማየት ነበር።

በዚያ ክረምት ብረቱ ዘንድ መጀመሪያ የደረሰው ላምቤቦ ነው። አባቱ ከሆሳዕና የመጡ ግንበኛ ናቸው፣ ቤተሰቡ ጴንጤ ነው። ጣሪያው ማፍሰስ ጀመረና እትዬ ዘውዴ ባልዲ ሊያስቀምጡ ገቡ። ቀና ሲሉ ብረቱ ተንበርክኳል። ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አኑሮ፣ ደረቱ ላይ አንዲት ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች።

«እንዴ» አሉ። «ይኼ ምን ሆኖ ነው የተንበረከከው?»

«እንጃ እትዬ» አለ ላምቤቦ፣ ጆይስቲኩን እንደጨበጠ።

«እና አንተ ምን ልታደርገው ነው?»

«ልመታው።»

እትዬ ዘውዴ ባልዲውን እንደያዙ ቆሙ። ውኃው ከጣሪያው ነጠላቸው ላይ ይንጠባጠባል።

«ተው» አሉ። «የተንበረከከ አይመታም። ይነሳና እንደ ወንድ ግጠመው።»

ላምቤቦ አውራ ጣቱን አነሳ። ብረቱ ተነሳ። ከተነሳ በኋላ የድስቴ ጥይት በረዶ ከቆርቆሮ ላይ እንደሚነጥረው ነጠረ፤ ብረቱ አንዴ ረገጠውና ጨዋታው አለቀ።

ከዚያ ወዲያ ሕግ ሆነ። ብረቱ ዘንድ የደረሰ ሁሉ፣ ሲንበረከክ ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ ያስቀምጣል። ይነሳል። ይረግጠናል። እንደገና ከመጀመሪያው።

ፍልሰታ ገባ። ጠዋት ሁላችንም ጦማችንን ነን፤ ቅዳሴ ወጥቶ ጠበል ቀምሰን ስንመለስ ነው ክፍሏ የምትከፈተው። በባዶ ሆድ የዋለ ልጅ ክርክሩ ይረዝማል። የዚያን ሰሞን ክርክር ብረቱ ለምን ይንበረከካል የሚል ነበር።

«እየሰገደ ነው» አልኩ እኔ። ለእኔ ግልጽ ነበር፤ በፍልሰታ የማይሰግድ ማን አለ?

«ስግደት አይደለም» አለ ላምቤቦ። «እናንተ ስትሰግዱ ግንባራችሁ መሬት ይነካል። የሱ አልነካም። እኛ ነን እንደሱ ተንበርክከን የምንጸልየው።»

«ጴንጤ ነው ልትል ነው?»

«እኔ ምን አልኩ? ራስሽ እዪው።»

«አንገቱ ብረት ስለሆነ ነው የማይታጠፍለት። ልቡ ሰግዷል።»

ያስቃል ዛሬ። ያኔ ግን ያንን ማታ እራት አልበላልኝ አለ። ብረቱን ለጴንጤዎቹ አሳልፌ መስጠት አልፈለግሁም።

ከዚያ በኋላ በነበረው አንዱ ቀን ከእትዬ ዘውዴ ጋር ሀና ማርያም ሄድን። ጃንጥላቸውን የምይዘው እኔ ነኝ፤ በማሳው መሐል ስናልፍ ቦቲዬ ጭቃው ውስጥ ይቀርና እግሬ ብቻውን ይወጣል። እሳቸው ቆመው ይጠብቁኛል። ቅዳሴው ሳይጀመር የቤተ ክርስቲያኑን በር ተሳለሙና ግንባራቸውን እንጨቱ ላይ እንዳደረጉ ቀሩ። ከኋላቸው ነበርኩ። ለጎረቤት እንደሚናገሩት፣ ቀስ ብለው ይናገሩ ነበር።

«እመቤቴ፣ አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ ቤት የተንበረከከ አላስመታሁም። ብረትም ቢሆን፣ ሕፃናቱን ከልክዬልሻለሁ። የኔንም ልጅ የትም ይንበርከክ የት፣ የሚመታውን እጅ ያዥልኝ።»

ስለት ሲባል ጃንጥላ ነው፣ ሻማ ነው የማውቀው። እንዲህ ያለ ስለት ሰምቼ አላውቅም ነበር። ግን ገባኝ፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ። እዚያች ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ አውራ ጣቱን ቢጫን፣ በዚያችው ደቂቃ እሩቅ ሰሜን፣ ጥቁር ኮረብታ ላይ፣ ግርማ ይመታል። ኮረብታውን አውቀዋለሁ፤ በየቀኑ አየው የለ? ግርማ ያለበት አገር በዓይነ ልቦናዬ ፀሐይ የላትም ነበር።

ለማንም አልተናገርኩም። ለእመቤታችን የተነገረ ነገር አይደገምም። ብቻ ከዚያ ቀን ጀምሮ የምጠብቀው ስታብላይዘሩን ብቻ አልነበረም። ብረቱ ዘንድ የሚደርስ ልጅ ባለ ቁጥር ከኋላው ሄጄ አውራ ጣቱን አያለሁ።

«ምን ታያለሽ? አሁንም ሸተተሽ?» ይሉኛል።

«አይ፣ ገና ነው።»

ፍልሰታ ሊያልቅ ሲል ሚኪ መጣ። የሳሪስ ልጅ ነው፣ አክስቱን ሊጠይቅ የመጣ፤ ጂንስ ጃኬት ለብሶ ማስቲካ ያኝካል፣ በጾም። ጆይስቲኩን እንደያዘ የለመደው እጅ መሆኑ ታወቀ። እኛ እየወደቅን የምናልፈውን ገደል እሱ እያፏጨ አለፈው። ልጆቹ ከኋላው ተጠጋግተው ተቀመጡ፤ እኔም እንዳልወደው ብፈልግ እንኳ እጁን ማየት ደስ ይል ነበር። ውጭ ዝናቡ አባርቶ ነበርና እትዬ ዘውዴ በርጩማቸውን ትንሽ ወደ መንገዱ ገፋ አድርገው ይፈትላሉ።

ብረቱ ዘንድ ደረሰ። ብረቱ ተንበረከከ።

«አሁን አስቀምጠው» አሉት ልጆቹ።

«ምኑን?»

«ጆይስቲኩን። ሲንበረከክ አይመታም።»

ሚኪ ዞሮ አያቸው። «በማን ሕግ? እናንተ ሰፈር ፋራ ብቻ ነው እንዴ የሚበቅለው?» አለና ድስቴን አስጠጋው። አውራ ጣቱ ቁልፏ ላይ ሲሄድ አየሁት።

ሄጄ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆምኩ። ነጠላዬን በሁለት እጄ ዘርግቼ መስኮቱን ሁሉ ሸፈንኩት። ጀርባዬ በቴሌቪዥኑ ሙቀት ይጠበሳል፣ ፀጉሬ ወደ መስታወቱ ይሳባል።

«ዞር በይ፣ መስታወት ነሽ እንዴ? አላይም!»

 ለምን እንደማልዞር መናገር አልችልም፤ የሰው ስለት ነው። እንባዬ መጣ። ሚኪ ሊገፋኝ ተነሳ።

ከዚያ ላምቤቦ መጣና አጠገቤ ቆመ። ትከሻው ትከሻዬን ነካ።

«ሲጸልይ አይመታም» አለው።

«ሮቦት እኮ ነው! ሮቦት ምን ይጸልያል?»

«እና አንተ ስንት ጊዜ ጸልየህ ታውቃለህ?»

ልጆቹ ሳቁ። እኛ እንደቆምን ከጀርባችን ያ የሚታወቀው የብረቱ አነሳስ ጓ ብሎ ተሰማ፣ ከዚያ የእርግጫው፣ ከዚያ የድስቴ መጨረሻ ዜማ። ሚኪ ጆይስቲኩን ወርውሮ «እብዶች» እያለ ወጣ። በሩ ላይ ሲያልፍ እትዬ ዘውዴ እግራቸውን ሰብሰብ አደረጉለት። መቼ እንደዞሩ አላየሁም፤ ፊታቸው ግን ወደ ክፍሉ ነበር።  ከመቀነታቸው የሽምብራ ቆሎ ፈትተው ለእኔም ለላምቤቦም እኩል ዘገኑልን። የላምቤቦ መዳፍ ትልቅ ስለነበረ የሱ የበዛ መሰለኝ።

ግርማ የመጣው አዲስ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ትምህርት ሊከፈት ሲል ነው። ቆስሎ ነበር፣ እግሩን። አንድ ውይይት ታክሲ መንገዱ ላይ ቆመ፣ መጀመሪያ ክራንች ወጣ፣ ከዚያ እሱ። እትዬ ዘውዴ ያንን ሁሉ ጊዜ ፊታቸውን ለዚያ መንገድ ሰጥተው ኖረው፣ ሲመጣ ግን አላወቁትም። «ማንን ፈልገህ ነው ልጄ?» አሉት። ከስቶ ነበር። «እማዬ» ሲላቸው እንዝርቱ ከእጃቸው ወደቀ። ጭቃው ላይ ወርደው መሬቱን ሳሙ። እሱ በአንድ እጁ ሊያነሳቸው ይታገል ነበር።

እኔ አልደነቀኝም። ቃል ነበር፣ ተጠበቀ። እንዲያውም ለላምቤቦ ልነግረው አፌ ድረስ መጥቶ ተመለሰ።

ለጥቂት ቀን ጠያቂ ስለበዛ ክፍሏ ተዘጋች። ከዚያ አንድ ጠዋት ራሱ ግርማ ከፈታት። ካሴቱን አወጣ፣ እፍ አለበት፣ መልሶ ከተተው። እኛ ገና ሳይጠራን ሞልተን ነበር። ንጋቱን እናያለን፤ የጨረሰው እሱ ነው፣ መንገዱን የሚያውቀው እሱ ነው።

«ማነች የምታሸትልኝ?» አለ።

«እኔ ነኝ ጋሼ ግርማ።»

«በርቺ፣ እዚህ ጋ ተቀመጪ።»

የቆሰለውን እግሩን በርጩማ ላይ ዘርግቶ ተጫወተ። እንደ ሚኪ አያፏጭም፣ አይቸኩልም። ድስቴ በእጁ ሌላ ፍጥረት ሆነ፤ ሲዘል ለስላሳ ነው፣ ሲያርፍም አይሰማ።  እትዬ ዘውዴ ዛሬ ፊታቸውን ወደ ውስጥ አዙረዋል። እንዝርቱ ይሽከረከራል።

ብረቱ ተንበረከከ።

የግርማ አውራ ጣት ቁልፏ ላይ ነበረ። ያቺ ቀይ መብራት ትበራለች፣ ትጠፋለች። ልማድ ሆኖብን ሁላችንም በአንድ አፍ «አይመታም» አልን።

«ለምን?» አለ፣ ዓይኑን ሳያነሳ።

«እትዬ ናቸው ያሉት። የተንበረከከ አይመታም» አለው ላምቤቦ።

እንዝርቱ ቆመ። ግርማ ወደ በሩ ዞረና እናቱን አየ። እሳቸውም አዩት። ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም፤ ብረቱ እስኪነሳ ድረስ ነው። ተነሳ። ረገጠው። ያ ዜማ መጣ።

ግርማ ጆይስቲኩን በጥንቃቄ መሬት ላይ አስቀመጠው። «ይቺን ቦታ እንዴት እንደሚያልፏት ረሳኋት» አለ።

«ረሳሃት?» አልነው። «አንተ?»

«ረሳሁ። ስንት ነገር አለ የረሳሁት፣ እሷ ብቻ መሰለቻችሁ?»

«ይርሳት» አሉ እትዬ ዘውዴ፤ ድምፃቸው ትንሽ ሻከረ። «ለምኑም አትጠቅም።» እንዝርቱ ተመለሰ።

አመንኩት። ጦርነት ማለት ሰው የሚያውቀውን የሚያስረሳ ነገር ነው ብዬ ደመደምኩ። ያን ሰሞን ስጸልይ ለግርማ ትዝታውን መልስለት እያልኩ እለምን ነበር፤ ንጋቱን ማየት ስለፈለግሁ ጭምር፣ አልዋሽም። ትምህርት ተከፈተ። ክፍሏ የግርማ ሬዲዮ መጠገኛ ሆነች፣ ማሽኑ በጨርቅ ተሸፍኖ መደርደሪያ ላይ ወጣ። ንጋቱን ሳላይ አደግሁ።

ይኼን ሁሉ ለያሬድ አልነገርኩትም። የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ያንን ማለፊያውን... አንድ ሰው አንዴ ካወቀው በኋላ ሊረሳው ይችላል?»

ሳቀብኝ። «ምኑ ይረሳል እማዬ? ሲንበረከክ አንድ ቁልፍ መጫን ነው እኮ። ሌላ ምንም የለውም። ጨርሼ ላሳይሽ?»

«ይቆይ» አልኩት።

ምስሩን አንስቼ ወደ ጓዳ ገባሁና የቀረውን እዚያ ለቀምኩ።

እትዬ ዘውዴ ካረፉ ዓመታት አለፉ፤ ነፍሳቸውን በአብርሃም አጠገብ ያሳርፍልኝ። ግርማ ግን አለ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሀና ማርያም አካባቢ ዛሬም እንደሚጠግን እሰማለሁ። ስለዚህ እዚያች ክፍል የነበራችሁ፣ ላምቤቦ፣ አንተም ሚኪ ብትሆን፣ ዝናብ በሚያፈሰው ጣሪያ ሥር አብራችሁኝ የተቀመጣችሁ ሁሉ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የእናንተም ልጆች አንድ ቀን ይኼን ጌም ያገኙታል፣ የተጻፈውንም ያነቡላችኋል። እየሳቃችሁ «ለካ ምስጢሩ ይኼ ኖሯል» ብላችሁ ሬዲዮ ይዛችሁ ወደ ግርማ እንዳትሄዱ። እባካችሁ፣ አትንገሩት። እኛ ፊት ረሳሁ ብሏል፤ እንደረሳው ይቆይ።